አሠልጣኝን መጠየቅ አገርን መጥላት ነውን?



በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ደን ጥበቃና ስለ መልካም ጠባይ የሚጽፉ ጓደኞች ሞልተዋል። እኔ ግን ዘንድሮ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ እግር ኳስ ለመጻፍ ነው። ኳስን የሥራ ፈት ጨዋታ አድርገው የሚቆጥሩ ወላጆች ቢኖሩ እስከ መጨረሻው እንዲታገሡኝ እለምናለሁ፤ ነገሩ ከኳስ ይጀምር እንጂ በኳስ አያልቅምና።

ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት ነበር። ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበርሁ። አጎቴ የመግቢያውን ከፍሎልኝ በከተማችን በግምጃ ቤት ኳስ ከሚታይበት አንድ ቤት ገብተን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ብሔራዊ ቡድናችን በአፍሪካ ዋንጫ ከአዘጋጇ አገር ከካሜሩን ጋር ይጋጠማል። በ4ኛው ደቂቃ ዳዋ ሆቴሳ ግብ ባገባ ጊዜ የቤቱ ቆርቆሮ የተነሣ እስኪመስል ድረስ ጮኽን። ከዚያ በኋላ ግን ካሜሩኖች አራት ጊዜ አገቡብን። ቤቱ እንደ ለቅሶ ቤት ጸጥ አለ። ጸጥታውም ብዙ አልቆየም፤ ስድብ ተከተለው። «ይውረድ! ይውረድ!» የሚለው ቃል ከየማዕዘኑ ተሰማ። የሚሰደቡት አሠልጣኝ ውበቱ አባተ ነበሩ።

በማግሥቱ አጎቴ ሬዲዮ ከፈተ። አንድ የስፖርት ተንታኝ ደግሞ በተራው ደጋፊውን ይሰድብ ነበር። ኳስ የማያውቅ፣ ትዕግሥት የሌለው፣ የአገሩን ውድቀት የሚመኝ እያለ ወረደበት። አጎቴ ሬዲዮኑን ዘጋና «ትናንት እነዚያ አሠልጣኙን ሰደቡ፤ ዛሬ ይህ እኛን ሰደበ፤ ጥያቄውን ግን ማንም አልመለሰው» አለኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ለመሆኑ ጥያቄው ምን ነበር? አሠልጣኝ ውበቱ ቡድናቸው ኳስን ከግብ ጠባቂው ጀምሮ በአጭር በአጭሩ እየተቀባበለ እንዲወጣ የሚፈልጉ አሠልጣኝ ናቸው። ብዙ ሰው ይህን አጨዋወት ይወድላቸዋል፤ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን የፕሪሚየር ሊግ ባለ ዋንጫ ያደረጉትም እርሳቸው ናቸው። የደጋፊው ጥያቄ ግን ይህ ነበር፦ ተጋጣሚው ጉልበተኛና ፈጣን በሆነ ጊዜ ከራሳችን ግብ አጠገብ ኳስ መቀባበል ያዋጣልን? አደጋው ሲደጋገም ሌላ ዘዴ አልተዘጋጀምን? ይህ ጥያቄ የስድብ ጥያቄ አይደለም። በቤታችን ሰብል ሲበላሽ ዘሩን፣ ጊዜውንና መሬቱን እንደምንጠይቀው ያለ የጤነኛ ሰው ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ የአሠልጣኙ ጠበቆች በየጊዜው የሚሰጡት መልስ ሦስት ዓይነት ነው። አሠልጣኝ ቢለዋወጥም መልሱ ስለማይለወጥ አንድ በአንድ ልመልከተው።

የመጀመሪያው «አንተ ከአሠልጣኙ የበለጠ ታውቃለህን?» የሚለው ነው። በበኩሌ አላውቅም እላለሁ። ነገር ግን ወጥ ለመሥራት ባለሙያነት ቢጠይቅም ወጡ ጨው እንደ በዛበት ለማወቅ ምላስ ይበቃል። ባለሙያዋም «ጨው በዛ» ሲሏት እንግዳውን ከማዕድ አታስነሣም።

ሁለተኛው «ታገሡ፤ ፈርጉሰንም መጀመሪያ ተጠልተው ነበር» የሚለው ነው። እውነት ነው። አሌክስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1986 ማንቸስተር ዩናይትድን ተረክበው እስከ 1989 መጨረሻ አንድም ዋንጫ አላገኙም ነበር። ደጋፊዎችም ይሂዱልን የሚል ጨርቅ በስታዲየሙ ውስጥ ሰቅለውባቸዋል። በ1990 ግን የኤፍ ኤ ካፕን፣ በ1993 የሊጉን ዋንጫ አመጡ፤ እስከ 2013ም ቆዩ። ይህን የሚተርኩልን ሰዎች ግን ስለ አርሴናል ሲጠየቁ ዝም ይላሉ። አርሴን ቬንገር በ2003/04 የሊጉን ጨዋታ ሁሉ ሳይሸነፉ የጨረሱ ታላቅ ሰው ናቸው። ሆኖም በነሐሴ 2011 ቡድናቸው በማንቸስተር ዩናይትድ 8 ለ 2 ተሸነፈ። ከዚያ በኋላም ደጋፊው ለዓመታት ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር ቆይቶ በ2018 ከሥራቸው ወጡ። እንግዲህ ትዕግሥት አንዱን ዘውድ ሲጭንለት ሌላውን አላዳነውም። ስለዚህ «ታገሡ» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። እስከ መቼ? ምንስ እስኪሻሻል? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ትዕግሥት የለሽ አይደለም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ «አሠልጣኙን የሚተች አገሩን አይወድም» ይላሉ። አሠልጣኝ አገር ነውን? አሠልጣኝ የአገርን አደራ የተቀበለ ሠራተኛ ነው፤ አደራ የሰጠ ደግሞ አደራውን ይጠይቃል። ቡድኑ ምን ሆነ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣው ደጋፊ አገሩን ካልወደደ ማን ወደዳት? በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። አሠልጣኙን ከጥያቄ የሚሰውር ጠበቃ የሚጠቅመው መስሎት ይጎዳዋል፤ ከትንሹ ጥያቄ የተሰወረ ሰው ትልቁ ቁጣ ድንገት ይደርስበታልና።

ይህን ያህል ስለ ጠበቆቹ ከተናገርሁ በኋላ ወደ እኛ ወደ ደጋፊዎቹ ልመለስ፤ የእኛም በደል ቀላል አይደለም።

በጥር 2014 ዓ.ም. «ይውረድ» ያልናቸው አሠልጣኝ ውበቱ ቡድናችንን ከ2005 ዓ.ም. በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ያደረሱ ሰው መሆናቸውን በዚያ ምሽት ማን አስታወሰ? በሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ባሸነፍን ጊዜ የሰደበው አፍ ሁሉ ዘፈነ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በጊኒ ሁለት ጊዜ ስንሸነፍ እንደ ገና ተሳደበ፤ በሚያዝያም አሠልጣኙ ከፌዴሬሽኑ ጋር ተለያዩ። እንዲህ ያለ ፍርድ ፍርድ አይባልም፤ እንደ ነፋስ መለዋወጥ ነው እንጂ።

ደግሞም ግብፅን ያሸነፍንበት ቦታ የት ነበር? ጨዋታው የእኛ የቤት ጨዋታ ሆኖ ሳለ የተደረገው በማላዊ ከተማ በሊሎንግዌ ነው፤ በአገራችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተቀበለው ስታዲየም አልነበረምና። ታላቅ ወንድሜ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ኢትዮጵያ አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 ስታሸንፍ በዓይኑ አይቷል፤ ሲያወራው እስከ ዛሬ ድምፁ ይለወጣል። ቡድናችን ያን የመሰለ ሕዝብ ከኋላው አጥቶ በባዕድ አገር «የቤት» ጨዋታ ሲያደርግ ጥፋቱ የአሠልጣኝ ነውን? በዚያ ድል ጊዜ ቡድኑን የመሩት አሠልጣኝ አብርሃም መብራቱም ዓመት ሳይሞላ ውላቸው ሳይታደስ ቀርቶ ቦታውን ሌላ ሰው ተረከበው።

ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ደግሞ አለ። አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁን። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍንና አገሩ ሁሉ በደስታ ሰከረ። ወዲያው ግን መርዶ መጣ፤ ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ምንያህል ተሾመ ሳይገባው ተሰልፎ ስለ ነበር ፊፋ 3 ነጥብ ቀነሰብን፤ 13 የነበረው ነጥባችን 10 ሆነ። ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ። ካርድ መቁጠርና ደብዳቤ ማንበብ የቢሮ ሥራ ነው። ዕድል ረድቶን ከምድቡ አለፍን፤ በመጨረሻው ግጥሚያ ናይጄሪያ አስቀረችን። በጥር 2006 ዓ.ም. በቻን ውድድር ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ግብ ሳያገባ ሲሸነፍ ግን አሠልጣኝ ሰውነት ከሥራቸው ተሰናበቱ። ከዓለም ዋንጫ ደጃፍ እስከ ስንብት ድረስ ጥቂት ወራት ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህስ? ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ በማጣሪያው ከምድቡ መጨረሻ ሆነን በ2007 ዓ.ም. ተሰናበቱ። ዮሐንስ ሣህሌ መጡ፤ በመጋቢት 2008 ዓ.ም. አልጄሪያ 7 ለ 1 አሸነፈችን፤ እርሳቸውም ሄዱ። አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ፣ ገብረ መድኅን ኃይሌ፣ መሳይ ተፈሪ እየተፈራረቁ ወንበሩን ያዙ። በዚህ ሁሉ መፈራረቅ አፍሪካ ዋንጫ የገባነው አንድ ጊዜ፣ በካሜሩን ብቻ ነው። ሰው መለወጥ ብቻ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እስካሁን በዳንን ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስታዲየሙን፣ የታዳጊዎችን ሥልጠናና የቢሮውን ሥራ የሚመለከተውን ሳይጠይቁ በአሠልጣኙ ላይ ብቻ መጮኽ ደግሞ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው።

እኛ የአገው ልጆች ይህን ከፈረስ ልንማረው ይገባን ነበር። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ሲያከብሩ ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። አጎቴ እንደሚለው ፈረስ ሲደናቀፍ አዋቂ ሰው መጀመሪያ ሰኮናውን ያያል፣ ኮርቻውንና ልጓሙን ይፈትሻል፣ መሬቱን ይመለከታል። በመጨረሻም ፈረሰኛውን «ልጓሙን ለምን እንዲህ ያዝህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ፈረሰኛው አይሰደብም፤ ከመጠየቅም አያመልጥም።

አሁን ስለ ሌላው ከመናገር ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ባለፈው ዓመት በክፍሎች መካከል በተደረገው ውድድር የክፍላችን ቡድን አሠልጣኝ አንድ ጓደኛችን ነበር። ለሁለተኛው ጨዋታ የለመድነውን ግብ ጠባቂ አስቀርቶ ሌላ ልጅ አቆመ። እኔና አንዳንድ ጓደኞቼ በመጀመሪያ በደኅና ቃል «ለምን ለወጥኸው?» ብለን ጠየቅነው። እርሱ አፉን ሳይከፍት ሁለት ወዳጆቹ ተሽቀዳድመው «እናንተ ምን ታውቃላችሁ? ቡድኑ እንዲሸነፍ ትፈልጋላችሁ?» አሉን። ተናደድን። 3 ለ 0 ስንሸነፍ ከሜዳው ዳር ቆመን «ውረድ! ውረድ!» እያልን ጮኽን፤ ከሁሉ በላይ የጮኽሁት እኔ ነበርሁ።

ልጁ ምንም ሳይናገር የተጫዋቾቹን ስም የጻፈበትን ወረቀት ለክፍል አለቃችን ሰጥቶ ሄደ። ለሚቀጥለው ጨዋታ የሚያሰልፈን ሰው ጠፋ። ሁሉም አጥቂ ልሁን አለ፤ 5 ለ 0 ተሸነፍን። ከጥቂት ቀን በኋላ እውነቱን ሰማሁ። ግብ ጠባቂያችን እናቱ ታማበት ሌሊቱን ሲያስታምም አድሮ ኖሮ አልችልም ብሎት ነበር፤ ለማንም እንዳይናገርበትም ለምኖታል። ጓደኛችን «ምክንያት አለኝ፤ እመኑኝ» ቢለን ኖሮ ይበቃን ነበር። ይህችን ቃል እንዳይናገር የከለከሉት የሚወዱት ጠበቆቹ ናቸው። ዳግመኛ እንዳይናገር የከለከልነው ደግሞ እኛ ነን።

ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ይቅርም ብሎኛል። ወደ ሜዳ ግን አልተመለሰም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ምክሬ አጭር ነው። ደጋፊ የሆንን ሰውየውን ሳይሆን ሥራውን እንጠይቅ፤ ስንሸነፍ የምንጠይቀውን ስናሸንፍም እንጠይቅ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚናገሩም አሠልጣኝን መደገፍ መብታቸው ነው፤ ነገር ግን ጠያቂውን ከመስደብ ጥያቄውን ይመልሱ፤ ማይክሮፎን ያለው ሰው ማይክሮፎን የሌለውን ሲሰድብ ኃይል እንጂ እውቀት አያሳይም። አሠልጣኞችም ሰው እንዲከላከልላቸው ሳይጠብቁ በራሳቸው አንደበት ይናገሩ። ነገ ከመካከላችን መምህር፣ የቀበሌ ሹም፣ ሐኪም፣ የማኅበር መሪ የሚሆን አለ። ዛሬ በሜዳ ዳር መጠየቅንና መመለስን ካልተማርን ነገ በስብሰባ አዳራሽ ከወዴት እናመጣዋለን?

የዘንድሮው የክፍሎች ውድድር በቅርቡ ይጀመራል፤ የክፍላችን ቡድን እስካሁን አሠልጣኝ የለውም። ያ ጓደኛችን ይህን መጽሔት እንደሚያነብ አውቃለሁ። ወረቀቱ ዛሬም በክፍል አለቃችን እጅ ነው። ቢመለስ እጠይቀዋለሁ፤ እስኪመልስልኝም ድረስ ዝም ብዬ እሰማዋለሁ።