ወደ ስድስት ኪሎ እንዴት ትሄዳለች?



ልጅ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው ቤቱ ይደሰታል፤ ጎረቤት «ማሻአላህ» ይላል። ደስታው ግን ሳምንት ሳይሞላው ሌላ ወሬ ይተካዋል። ልጁ ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማር ከሆነ «በምን ይሄዳል?» ይባላል። ሴት ከሆነች ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል፤ «በማታ ታክሲ እንዴት ብላ ትመለሳለች?» ይሆናል። በዚህ ጥያቄ ብቻ ልጃቸው ያገኘችውን ዕድል ትታ ሰፈር ውስጥ ካለ ኮሌጅ እንድትገባ፣ ወይም ጭራሽ ቤት እንድትቀመጥ የሚወስኑ አባቶች አሉ። እነዚህ አባቶች ክፉ አይደሉም፤ ልጅቷ አማና ስለሆነችባቸው ነው። ሆኖም ችግሩ የመንገድ ከሆነ መፍትሔውም መፈለግ ያለበት እመንገዱ ላይ ነው። ዕውቀት ፍለጋ የሚኬድበት መንገድ በዲናችን ምን ያህል ክብር እንዳለው በየኹጥባው ስንሰማ የኖርነው ነገር ነው።

በቅድሚያ የግቢው ጉዳይ ይጥራ። «ዩኒቨርሲቲ ደርሶኛል» ማለት አንድ ቦታ ማለት አይደለም። ዋናው ግቢ ስድስት ኪሎ ነው፤ የተፈጥሮ ሳይንስ አራት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂው አምስት ኪሎ፣ ሕክምናው ጥቁር አንበሳ ነው። አራት ኪሎ ወርዶ ስድስት ኪሎ ያለ ክፍሉን የሚፈልግ አዲስ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ቢሆንም ዳገት ነው፤ ደብተር ተሸክሞ ለረፈደበት ሰው ደግሞ ይረዝማል። ስድስት ኪሎ ከደረሱም በኋላ ቢሆን መንገዱ አላለቀም። ግቢው በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ እስኪሰጥ ድረስ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ስለነበር ሰፊ ነው፤ በሩ ላይ መታወቂያ ማሳየትና መፈተሽ አለ፤ ከዚያም እስከ መማሪያ ክፍል በእግር ይኬዳል። ስለዚህ «ታክሲው 40 ደቂቃ ይፈጃል» ብሎ የሚያስብ ቤተሰብ ሌላ 20 ደቂቃ ይጨምርበት።

መጓጓዣውን በተመለከተ፣ ከመርካቶ፣ ከኮልፌና ከጦር ኃይሎች አቅጣጫ የሚመጣ ሰው በአብዛኛው በፒያሳ በኩል ያልፋል፤ ከአያትና ከገርጂ የሚመጣው በመገናኛና በቀበና አድርጎ አራት ኪሎ ይወጣል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር አራት ኪሎም ሆነ ስድስት ኪሎ አይደርስም። አንደኛው መስመር ከቃሊቲ ተነስቶ ወደ ምኒልክ አደባባይ፣ ሁለተኛው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ነው የተዘረጋው። ነገር ግን ለአያት ልጅ እስከ መገናኛ ድረስ ያለውን መጨናነቅ ይቆርጥለታል፤ ከዚያ በታክሲ መቀጠል ነው። የከተማ አውቶቡስ፣ ሰዉ ዛሬም አንበሳ የሚለው፣ በዋጋ ከሁሉም ይረክሳል፤ ቸር ግን በሰዓቱ አይደለም፤ ትዕግሥት ላለውና ማለዳ ለሚነሳ ተማሪ ይስማማል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳና የአራት ኪሎ መንገዶች ብዙ ተለውጠዋል፤ ስለሆነም ከአሥር ዓመት በፊት የተማረ ታላቅ ወንድም «እዚህ ቆመሽ ትሳፈሪያለሽ» ያለው ቦታ ዛሬ እዚያው ላይኖር ይችላል። አንድ ቅዳሜ፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ አባትና ልጅ ወይም እናትና ልጅ አብረው ሄደው ቢመለሱ ከብዙ ምክር ይበልጣል። ሲመለሱም በታክሲ ይሁን፤ የአባት የቤት መኪና የተማሪን መንገድ አያሳይም።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀት እንግባ፤ ማታው። በኅዳር ወር አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው። በሐምሌ ግን እስከ 12፡50 ትቆያለች። ይህ የ50 ደቂቃ ልዩነት ብዙ ቤተሰብ የማያስበው ነገር ነው። በክረምቱ መግቢያ በብርሃን ትመለስ የነበረች ልጅ፣ በዚያው ሰዓት ከክፍል ወጥታ በኅዳር በጨለማ ትገባለች፤ ቤት ያለው ሰው «ምን አስመሻት?» ይላል። ምንም አላስመሻትም፤ ፀሐይዋ ናት የቀደመች።

መግሪብ ደግሞ ወቅቱ አጭር ነው፤ ዒሻ እስኪገባ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። 11፡30 ከክፍል የወጣ ተማሪ የአራት ኪሎን ወይም የፒያሳን ሰልፍ ጠብቆ ኮልፌ ሲደርስ መግሪብ ታክሲ ውስጥ ገብቶ ታክሲ ውስጥ ሊወጣ ይችላል። አንዳንድ ወጣቶች «መንገደኛ ነኝ» ብለው ማጣመር ያምራቸዋል። ከቤት እስከ ስድስት ኪሎ የሚደረግ የከተማ ምልልስ ግን ሶላት የሚያሳጥር ሙሣፊር አያደርግም። የሚሻለው ጉዞውን ለሁለት መክፈል ነው፦ ዐስርን ግቢ አካባቢ መስገድ፣ ውዱእን መጠበቅ፣ ከዚያ ፒያሳ ድረስ ብቻ መጥቶ መግሪብን በታላቁ ኑር (በኒ) መስጂድ በጀመዓ መስገድና ከሶላት በኋላ ወደ ሰፈር የሚሄደውን ታክሲ መያዝ። ከሶላት በኋላ ሰልፉም አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል። ሴቶች ልጆችም የሴቶችን መስገጃ አስቀድመው ቢያዩት በጨለማ ከመጠየቅ ይድናሉ። በዚህ መንገድ የሚመለስ ልጅ ቤት የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ ቤተሰቡ ይህን አውቆ ተስማምቶበት ከሆነ ግን ስልክ ላይ ስልክ መደወል አያስፈልግም።

ለእህቶች ጥቂት ነገር እንጨምር። ማታ ብቻ ከመቆም ሁለትና ሦስት ሆኖ መቆም ይሻላል፤ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት ቢተዋወቁ ዓመቱን ሙሉ ይጠቅማቸዋል። ትርፍ ጭኖ የሚያጣብቅ ታክሲ ሲመጣ «ይለፈን» ማለት ነውር አይደለም። ረዳቱ መንገድ ቆርጦ «እዚህ ነው የምንጨርሰው» ቢል በማያውቁት ቦታ ከመውረድ በፊት ከተሳፋሪው ጋር መነጋገር ይገባል፤ አብዛኛው ተሳፋሪ ያግዛል። የግድ ያመሸ ቀን ደግሞ አራት ሆነው አንድ ኮንትራት ወይም በስልክ የሚጠራ መኪና ቢይዙ ለአንዷ የሚደርሳት ሒሳብ እንደሚፈራው አይሆንም፤ ታርጋውን ለቤት መላክ ግን አይረሳ። አባቶች ለደብተርና ለመጽሐፍ ሲሰጡ ለዚህችም በወር አንድ ሁለት ቀን የምትሆን ገንዘብ ቢመድቡ ልጅቷን ከትምህርት ከማስቀረት በጣም የቀለለ ነው። ለወንድሞችም አንድ ቃል አለን። ሰልፉን ገፍቶ ወንበር የሚይዝ ወጣት፣ ከኋላው የቀረችው የሌላ ሰው እህት እንደሆነች ያስብ።

መኪና ያላቸው ቤተሰቦች ጭንቀታቸው የቀለለ ይመስላል። እነርሱም ግን ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ የት ይቁም? ግቢ ውስጥ መኪና ማስገባት የይለፍ ጉዳይ ነው፤ ልጁን ላደርስ ነው ብሎ በር ላይ ከጥበቃ ጋር መጨቃጨቅ የልጁን ክፍል ያሳልፋል። መንገድ ዳር በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ደረሰኝ ቆርጠው የሚያስቆሙበት ቦታ ካለ ሒሳቡን ከፍሎ እዚያ መቆም ነው። የሚያሳዝነው የሌላው ነገር ነው። «አንድ ደቂቃ ነው» ተብሎ በር አፍ ላይ፣ በሁለተኛ ረድፍ ወይም በእግረኛ መንገድ ላይ የሚቆመው መኪና፤ ከኋላው አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይቆማል፤ እግረኛው ወደ አስፋልት ይወርዳል። ስድስት ኪሎ ደግሞ የየካቲት 12 ሆስፒታል ያለበት ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ያለ አምቡላንስ የእኛን አንድ ደቂቃ ሊጠብቅ አይችልም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ ዳር ለሚቀመጡት ሶሐቦች የመንገድን ሐቅ እንዲሰጡ ማዘዛቸውና ሰውን አለማስቸገርን ከሐቁ መቁጠራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በእግር የተቀመጠው ሰው ይህን ያህል ከተጠየቀ በመኪና የቆመው ምን ይባላል?

ጁሙዓ ቀን ይህ ሁሉ ይብሳል። መስጂድ ደጃፍ ላይ መኪናውን በመኪና ላይ ዘግቶ ኹጥባ የሚያዳምጥ ሰው አለ፤ የተዘጋበት ደግሞ 8 ሰዓት ክፍል ወይም ፈተና ያለበት ተማሪ ሊሆን ይችላል። ጁሙዓን ሰግዶ ወደ ስድስት ኪሎ የሚመለስ ተማሪ ካላችሁ፣ በዚያ ቀን ከመኪናው ይልቅ እግሩና ታክሲው ይፈጥናሉ፤ ቤተሰቡም መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሞ ጥቂት ቢራመድ ይመረጣል። የከሰዓቱን ፕሮግራም ልጁ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጽፎ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጥፈው፤ ከጎኑም የወሩን የሶላት ወቅት።