ወረንጦ ኋላቀርነት ነውን?



ሰሞኑን በማስተማር ልምምድ ላይ አንድ ጓደኛችን «ጎጂ ልማዶች» በሚል ርእስ ሲያስተምር እንጥል ማስቆረጥን፣ ግግ ማስወጣትንና በወረንጦ የዓይን ፀጉር መንቀልን በአንድነት ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ተማሪዎቹም ገለበጡ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እናቴ ትዝ አለችኝ። የተሰማኝን ባልጽፍ ይቆጨኛል።

እንደሚታወቀው በመርጡለ ማርያምና በአካባቢዋ የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ፣ የቤት በሽታ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው 100 ሕፃናት ከ60 በላይ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። በሕፃንነት ደጋግሞ የያዘ ትራኮማ የዓይንን ቆብ ከውስጥ ያጠባስሰዋል። ውሎ አድሮ ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ፀጉሩ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል።

እናቴ ወረንጦዋን ከማተቧ ጋር አስራ ነበር የምትይዘው። ደጅ ፀሐይ ላይ ትቀመጥና ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ «ልጄ፣ እስቲ የምትወጋኝን ፈልግልኝ» ትለኝ ነበር። የተነቀለው ፀጉር በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይበቅላል፤ እኛም መልሰን እንነቅላለን። ሕክምናዋ ይኸው ነበር።

ይህ ደግሞ ከንቱ ድካም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ በክልላችን 1,300 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት አለ። ጥቂት ፀጉር ብቻ ከተቀለበሰባቸው ሰዎች ግማሾቹ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ ግማሾቹ ደህና ወረንጦ ተሰጥቷቸው አነቃቀሉን ተማሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፀጉሩ የባሰባቸው በወረንጦ በኩል በዝተው ተገኙ፤ በማየት ችሎታ ግን ልዩነት አልታየም።

ታዲያ ወረንጦ ይበቃል ማለቴ አይደለም። ፀጉሩ ከበዛ መፍትሔው ቀዶ ጥገና ነው። ይህንንም የሠለጠኑ ነርሶች ይሠሩታል። እናቴም ከብዙ ማመንታት በኋላ ተሠራችና «ዳንኩ» ብላ ተደሰተች። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ፀጉር ተመልሶ ይወጋት ጀመር። ፀጉሩ ሊመለስ እንደሚችልና በየጊዜው መታየት እንደሚያስፈልግ አላወቀችም፤ «እግዜር ያላለው ነው» ብላ ቀረች። ወረንጦዋንም ከእኔ ደበቀች። ለምን? እኔ ስድስተኛ ክፍል ሆኜ የገለበጥኩትን «ወረንጦ ጎጂ ልማድ ነው» የሚል ደብተር በኩራት አንብቤላት ነበር እኮ! በጨለማ ለብቻዋ ስትነቅል ፀጉሩ እየተሰበረ ይቀራል፤ የተሰበረው ደግሞ ይብስ ይወጋል። ወደ ጤና ጣቢያ ስትመለስ በአንድ ዓይኗ ላይ ነጭ ጠባሳ ወጥቶ ነበር። ዛሬ በዚያ ዓይኗ የምታየው እንደ ጉም ነው።

የልጆች መድኃኒትም ቢሆን ቀጣይነት ይፈልጋል። በጎረቤታችን በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አዚትሮማይሲን በየዓመቱ በታደለባቸው መንደሮች፣ ከ100 ሕፃናት 42 ገደማ ላይ የነበረው ተሐዋሲ በሦስት ዓመት ተኩል ወደ 2 ገደማ ወርዶ ነበር። እደላው በቆመባቸው መንደሮች ግን መልሶ ጨመረ። ለስድስት ሳምንት የታዘዘውን የቴትራሳይክሊን ቅባት፣ ዓይኑ ጠራ ብሎ በሁለተኛው ሳምንት የሚተወውስ ስንቱ ነው?

ስለዚህ እጩ መምህራን፣ ነገ ወደየገጠሩ ስንወጣ «ወረንጦ ጣሉ» ብለን ባናስተምር እላለሁ። ይልቅስ እንዲህ እንበል፦ ወረንጦው ንጹሕ ይሁን፣ በብርሃን ይነቀል፣ ፀጉሩ ከሥሩ ይውጣ፤ ከበዛ ወደ ቀዶ ጥገና ይኬድ፤ ከተሠሩ በኋላም ተመልሶ መታየት አያሳፍርም። ልጆችም ፊታቸውን ይታጠቡ፣ መድኃኒታቸውን ይጨርሱ። እናቱን የሚያሳፍር ትምህርት ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ልጅ ምን ጠቀመ?

ጓደኛችን በሐሳቤ ካልተስማማ ይመልስልኝ። ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ ቦታ አለ።