የቫልቩ ቁልፍ ማን ጋር ነው?

ወዳጆቻችን፣ ዛሬ ስለ አንድ ብረት እናውራ። ቁመቱ ከሰው ወገብ ያልፋል፣ ከላይ በሁለት እጅ የሚያዝ አግዳሚ እጀታ አለው፣ ከታች ጫፉ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው። ሙዚየም የሚገባ ዕቃ አይደለም። እሳት በተነሳ ሌሊት ግን አንድ ሰፈር የሚተርፈው ወይም የሚነደው ይህ ብረት በማን እጅ እንዳለ ታይቶ ነው።

እኛም ያወቅነው በመከራ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በወጣን በመጀመሪያው ዓመት ከሰሜን ከተሞች በአንዷ ቤት ተከራይተን ነበር። ስሟን አንጠራም፤ ብንጠራት ሌሎቹ ከተሞች «እኛን አይመለከትም» ብለው ያልፉናል። አንድ ማታ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከጓሮ «እሳት! እሳት!» የሚል ጩኸት ሰማን። ስንወጣ በተርታ ከተሠሩት ኩሽናዎች አንዱ ይነዳል፣ ነፋሱም ወደ መኝታ ቤቶቹ ይነፍሳል። አከራያችን እትዬ ልጆቹን አስወጥተው ወደ ቧንቧው ሮጡ። ከፈቱት። ያወጣው ፉጨት ብቻ ነበር። ለካ የዚያን ቀን ፈረቃው የላይ ሰፈር ነው።

ውሃው የት ነው ያለው? ከእኛ ግቢ መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ከአንድ የብረት ክዳን ሥር። እዚያ ያለው ቫልቭ ቢዞር የላይ ሰፈር ውሃ ወደ እኛ ይወርዳል። የሚያዞሩት ግን አንድ ሰው ናቸው፣ ሰፈሩ «ጋሼ ውሃ» የሚላቸው። ጋሼ ደግሞ ለቅሶ ሄደዋል፤ ስልካቸው ቻርጅ ጨርሷል። አንድ ልጅ በባጃጅ ሄዶ እስኪያመጣቸው ድረስ ጎረቤቱ በጄሪካን፣ በባልዲ፣ በአፈርና በአመድ ሲታገል ቆየ። ጋሼ ደርሰው፣ ተንበርክከው ክዳኑን ከጭቃ ጠርገው፣ ብረቱን አስገብተው ማዞር ጀመሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይቆጥራሉ። ቧንቧው ተንፍሶ ውሃው ሲመጣ የሚጠፋ እሳት አልነበረም። ሁለት ኩሽና፣ የእትዬ የዓመት ሽሮና በርበሬ፣ የአንድ ተማሪ ደብተሮች አመድ ሆነዋል። ሰው አልሞተም፤ ተመስገን።

በነጋታው ጋሼን «ለሌላ ሰው ለምን አያሳዩም?» አልናቸው። «ማን ጠይቆኝ፣ ልጆቼ?» አሉ።

ይህችን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳናትም። ስለ ውሃ እጥረት ሁላችንም እናማርራለን፤ እኛም ብዙ ጽፈናል። የዚያን ማታ ግን ውሃ ነበር። ያጣነው ውሃውን ወደ እሳቱ የሚያዞር ሰው ነው። ጽሑፋችን የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ከተማ ከእሳት የሚድነው ውሃ ስላለው ብቻ ሳይሆን ቫልቩ የት እንዳለ፣ መዞር አለመዞሩንና ማን እንደሚያዞረው አስቀድሞ ሲያውቅ ነው።

ቫልቭ ማዞር ምን ዕውቀት አለው የምትሉ ትኖራላችሁ። አለው እንጂ! ከጋሼ እንደተማርነው፣ ትልቅ ቫልቭ ቀስ ተብሎ ነው የሚዞረው። በችኮላ ከተዘጋ የሚሮጠው ውሃ ድንገት ሲቆም ቧንቧውን እንደ መዶሻ ይመታዋል፣ አሮጌ መስመር ከሆነም ይፈነዳል። ዙሩ የሚቆጠረው ለዚህም ነው፤ ስንት ዙር እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ያውቃል። ለዓመታት ያልተነካ ቫልቭ በዝገት ይነክሳል፤ አስገድደህ ብታዞረው ዘንጉ ይሰበርና ተዘግቶ ይቀራል። ከሁሉም የሚብሰው ግን ለጥገና ተዘግቶ የተረሳ ቫልቭ ነው። በካርታ ላይ መስመሩ አለ፣ መሬት ላይም ሃይድራንቱ ቆሟል፣ እሳት የተነሳ ዕለት ግን ጠብ የሚል ነገር የለም።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ አሜሪካ እንሻገር። ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 1906 በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ከመንቀጥቀጡ የባሰው ተከትሎት የመጣው እሳት ነበር። የውሃ መስመሮቹ ተሰባብረው ስለነበር የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ጎማቸውን ሲሰኩ ውሃ አጡ። ለከተማዋ ሌላ የውሃ መስመር ያስፈልጋታል እያሉ ሲወተውቱ የኖሩት የእሳት አደጋ ኃላፊ ዴኒስ ሰሊቫን በዚያው ንጋት በፍርስራሽ ቆስለው ከቀናት በኋላ ሞቱ። ከ28 ሺህ በላይ ሕንፃዎች ጠፉ።

ከተማዋ ከዚያ በኋላ ለእሳት ብቻ የሚያገለግል፣ ከመጠጥ ውሃው የተለየ መስመር ዘረጋች፤ በ1913 ተጠናቀቀ። ትዊን ፒክስ በሚባለው ኮረብታ ላይ ወደ 40 ሚሊዮን ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ ተሠራ፣ ከሥሩ ሁለት ታንከሮች ተጨመሩ፣ ውሃውም በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል። የሃይድራንቶቹ ቆብ ቀለም ሳይቀር ይናገራል፦ ጥቁር፣ ቀይና ሰማያዊው እያንዳንዱ ውሃው ከየትኛው ማጠራቀሚያ እንደሚመጣ ያሳያል። በጨለማ የደረሰ ሠራተኛ ማንንም መጠየቅ የለበትም።

ይሄ ሁሉ ተሠርቶም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 1989 ሌላ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ምን ሆነ? በአንድ ሰፈር የዚሁ የእሳት መስመር ቧንቧዎች ተሰበሩ። የተሰበረውን ክፍል ለይተው የሚያስቀሩት ቫልቮች በጊዜ ባለመዘጋታቸው ጆንስ ጎዳና ላይ ያለው ታንከር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ባዶ ሆነ። ማሪና በተባለው ሰፈር ሕንፃዎች ሲነዱ ሃይድራንቶቹ ደረቁ። ሰፈሩን ያተረፉት ፊኒክስ የተባለችው የእሳት አደጋ ጀልባ ከባሕሩ የሳበችው ውሃና መንገድ ለመንገድ የተዘረጋ ጎማ ናቸው። ያን ያህል ገንዘብ ፈስሶበት የተሠራ ሥርዓት የተፈተነው እንደ እኛ ጋሼ ሰፈር በቫልቭ ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነድ የማያስታውስ አለ? ጓሳው፣ አስታው፣ ዋልያውና ጭላዳው የሚኖርበት ገደል ሲጤስ የደባርቅና የአካባቢው ሕዝብ ቅጠልና አካፋ ይዞ ወጣ። በመጨረሻ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት ባለሙያዎች መጡ። ፌስቡክ ላይ ሁላችንም «ሰሜን ተራሮች» እያልን ለጠፍን፣ ዝናብ ሲመጣ ረሳን። ተራራ ላይ ቧንቧ ይዘርጋ አንልም፤ ጓሳ በሃይድራንት አይጠበቅም። ግን ያ ወር አንድ ነገር አስተምሮን ማለፍ ነበረበት፦ እሳት ከተነሳ በኋላ የሚፈለግ ውሃ ሁልጊዜ ሩቅ ነው።

ለከተሞቻችን ደግሞ ተፈጥሮ ያደላቸው ነገር አለ። ሳን ፍራንሲስኮ ውሃዋን ኮረብታ ላይ ያስቀመጠችው መብራት ቢጠፋም እንዲወርድላት ነው። እኛ ከፍታ ቸግሮን ያውቃል? ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ተቀምጣለች። በየዳ ውስጥ ከ4,500 ሜትር የሚያልፈው ራስ ዳሸን አለ። በአካባቢው ኮረብታ የሌለበት ከተማ መፈለግ ነው የሚከብደው። ሂሳቡም ቀላል ነው፤ ውሃ በ10 ሜትር በወረደ ቁጥር አንድ ባር ያህል ግፊት ያገኛል። ከገበያው 60 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ማጠራቀሚያ ያለ ፓምፕ፣ ያለ ጄኔሬተር፣ መብራት ሄደ ሳይል ወደ 6 ባር የሚጠጋ ግፊት ይሰጣል።

«የሚጠጣ ሳይኖር ለእሳት ውሃ ይቀመጥ ትላላችሁ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ እናውቃለን። ልክ ነው፤ እናቶች ለአንድ ጄሪካን በሚሰለፉበት አገር ሌላ ማጠራቀሚያ ሞልቶ ቁጭ ይበል ማለት ይከብዳል። ነገር ግን ሁለት ማጠራቀሚያ አያስፈልግም። በሌላው ዓለም የተለመደ ዘዴ አለ፦ የመጠጥ ውሃው መውጫ ከማጠራቀሚያው ወለል ከፍ ብሎ ይሠራል። ውሃው እዚያ ድረስ ሲወርድ የከተማው ቧንቧ ይቆማል፣ ከሥር የቀረው ግን ለእሳት ይተርፋል። እሱን የሚለቅ አንድ የታችኛ ቫልቭ ይኖራል፤ የሚከፈተውም ለእሳት ብቻ ነው። ወጪው ከአዲስ ማጠራቀሚያ ጋር አይወዳደርም። የሚጠይቀው ሲሠራ ማሰብን፣ ከተሠራ በኋላም ቁልፉን የሚይዝ የታወቀ ሰው መመደብን ነው።

አዲስ አበቤ አንባቢዎቻችን «ይህ የክፍለ ሀገር ወሬ ነው» እንዳትሉ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ በቴሌቪዥንና በስልካችን አይተናል። የመንገዱ ጥበትና መጨናነቅ የእሳት አደጋ መኪኖቹን እንዳስቸገራቸው የከተማው አስተዳደር ራሱ ተናግሯል። እስቲ አብረን እናስላ። 10 ሺህ ሊትር የጫነ ቦቴ በደቂቃ 1 ሺህ ሊትር ቢረጭ በ10 ደቂቃ ባዶ ይሆናል። ከዚያ ተመልሶ ወጥቶ፣ በሕዝብና በመኪና መሃል አልፎ፣ ሞልቶ መምጣት አለበት። አጠገቡ የሚሠራ ሃይድራንት ካለ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። እኛ ግን የምናገኘውን ክዳን ሁሉ አስፋልት እናለብሰዋለን፣ ጀበና እንጥድበታለን፣ መኪና እናቆምበታለን።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሚሊዮን ብር የማይጠይቁ አራት ነገሮች አሉን። አንደኛ፣ ዋና ዋና የቫልቭ ክዳኖች ቀይ ይቀቡ፣ አቅራቢያው ባለ ግድግዳ ላይም ቁጥራቸውና የዙር ብዛታቸው ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሌሊት ሰው በማይጠፋበት ቦታ፣ ለምሳሌ ፖሊስ ጣቢያ፣ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ጋሼ ውሃ ሁለት ወጣቶችን ያሠልጥኑ፤ ለሥልጠናውም ይከፈላቸው። አራተኛ፣ በዓመት አንድ ቀን ቫልቮቹ ሁሉ ተዘግተው ይከፈቱ። ቀኑንም መርጠንለታል። ኅዳር 12 ከተማው ቆሻሻውን አቃጥሎ በጭስ ሲታጠን ሁላችንም ደጅ ነን፤ በጋውም ገና መግባቱ ነው። ያን ዕለት ከጭሱ ጎን ለጎን ቫልቮቻችንን ብናዞር ምን ይለናል?

ጋሼ ውሃ ጡረታቸው ደርሷል። ከእሳቱ በኋላ ከእትዬ ልጅ ጋር ሆነን፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን፣ አንድ ቅዳሜ ከተማውን አብረናቸው ዞርን። እሳቸው «እዚህ ሥር» ሲሉን እኛ እየጻፍን፣ እስከ ማታ 23 ቫልቮች መዘገብን። ሦስቱ አስፋልት ሥር ቀርተዋል፣ ሁለቱ አልዞር ብለዋል። ደብተሩን ለሚመለከታቸው ሰዎች ሰጥተን አንድ ኮፒ አስቀርተናል። ጋዜጠኝነት ተምረን ከሠራናቸው ዘገባዎች ሁሉ ያቺን ደብተር የሚያህል የለንም።

እናንተስ? አዲስ አበባ ያላችሁ የእሳት አደጋውን 939 ስልካችሁ ውስጥ መዝግቡ። ሌላ ከተማ ያላችሁም የራሳችሁን ጠይቃችሁ ያዙ። ከዚያ ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጡ ከቤታችሁ አጠገብ ያለውን የብረት ክዳን ፈልጉት። ካገኛችሁት፣ ጎረቤታችሁን አንዲት ጥያቄ ጠይቁልን፦ ቁልፉ ማን ጋር ነው?