የአካውንት ባለቤትን በር ላይ የሚያስቀር ጥበቃ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የሽሮ ሜዳ ገበያ በአገር ባህል አልባሳት ንግድ የታወቀ ነው፡፡ በሽመናው ሥራ ከጋሞ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ከፍተኛ ድርሻ ያላቸው ሲሆን፣ ከአልባሳቱ ገዥዎች መካከልም በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል፡፡ የኢንተርኔት መስፋፋት ነጋዴው ከሱቁ ሳይወጣ የቀሚሱን ጥለት በፎቶግራፍ ለማሳየት፣ ትዕዛዝ ለመቀበልና ከደንበኛው ጋር ለመነጋገር አስችሎታል፡፡ ይሁንና ይህ ሁሉ ግንኙነት የተንጠለጠለው በአንድ አካውንት ላይ ነው፡፡

አንዲት ነጋዴ በዓል ሲቃረብ አካውንቷን ለመክፈት ስትሞክር "ከማይታወቅ ቦታ ለመግባት ተሞክሯል" የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣባት ምን ታደርጋለች? የይለፍ ቃሉን በትክክል አስገብታለች፤ ስልኩም የራሷ ነው፡፡ የማረጋገጫ ኮዱ ግን የሚላከው አካውንቱን በከፈተላት፣ በውጭ አገር በሚኖረው ወንድሟ ስልክ ቢሆንና እርሱም ቁጥሩን ቀይሮ ቢገኝ፣ የተቀበለቻቸው ትዕዛዞችና ለዓመታት ያፈራቻቸው ደንበኞች ከአካውንቱ ጋር ተዘጉ ማለት ነው፡፡ ይህ ለምሳሌ የቀረበ ቢሆንም፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ከገዛ አካውንታቸው ውጭ የሚቀሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፡፡

የቦታ ማጣሪያው አሠራር በራሱ ምክንያት አለው፡፡ አገልግሎት ሰጪው ኩባንያ ተጠቃሚው የት እንዳለ የሚገምተው በአብዛኛው ከአይፒ አድራሻው በመነሳት ነው፡፡ ትናንት ከአንድ አገር የተከፈተ አካውንት ዛሬ ከሌላ አህጉር ሲከፈት፣ ሌባ የይለፍ ቃሉን አግኝቶ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ያድርበታል፡፡ ይህ ጥበቃ የብዙ ሰዎችን ገንዘብና ምስጢር ከዘረፋ እንደሚያድን ሊዘነጋ አይገባም፡፡

ችግሩ የሚጀምረው ግምቱ እንደ ማስረጃ ሲቆጠር ነው፡፡ በብዙ አገሮች የሞባይል ኢንተርኔት አቅራቢዎች በአድራሻ እጥረት ምክንያት አንዱን የአይፒ አድራሻ ለበርካታ ደንበኞች ያካፍላሉ፡፡ በመሆኑም አንዱ ተጠቃሚ ባጠፋው ሌላው ሊጠረጠር ይችላል፡፡ በአገራችን በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክን፣ ዩቲዩብን፣ ቴሌግራምንና ቲክቶክን በመሳሰሉ መገናኛዎች ላይ ገደብ በነበረበት ወቅት በርካታ ተጠቃሚዎች ቪፒኤን ይጠቀሙ ነበር፡፡ ቪፒኤን ደግሞ አዲስ አበባ የተቀመጠውን ሰው በአንድ ቀን ውስጥ በሁለትና በሦስት አገሮች የተዘዋወረ ሊያስመስለው ይችላል፡፡

ከሁሉም በላይ ደንበኛውን የሚያማርረው ግን ከእገዳው በኋላ የሚያጋጥመው የደንበኞች አገልግሎት ነው፡፡ አቤቱታ ለማቅረብ መጀመሪያ ወደ አካውንቱ መግባት ይጠየቃል፤ ወደ አካውንቱ ለመግባት ደግሞ አቤቱታው መፈታት አለበት፡፡ ለሚላከው ደብዳቤ መልስ የሚሰጠው ማሽን ሲሆን፣ መልሱም ደንበኛው አስቀድሞ የሞከረውን መመሪያ ደግሞ ከመላክ አያልፍም፡፡ እገዳው ለምን እንደተጣለ፣ ማን እንደወሰነና መቼ እንደሚታይ የሚገልጽ አካል አይገኝም፡፡

የሚጠየቁት ማስረጃዎችም ከአገራችን ሁኔታ ጋር የተጣጣሙ አይደሉም፡፡ የመንገድ ስምና የፖስታ መለያ ቁጥር የግድ ይሞላ ይባላል፤ የአዲስ አበባ ነዋሪ ግን አድራሻውን የሚገልጸው በክፍለ ከተማ፣ በወረዳና በቤት ቁጥር ነው፡፡ በአመልካቹ ስም የተዘጋጀ የመብራት ወይም የውኃ ሂሳብ ሲጠየቅ፣ ተከራይ የሆነ ሰው የሚያቀርበው ደረሰኝ በአከራዩ ስም የወጣ ነው፡፡ የማረጋገጫ ቁጥር በደብዳቤ ወደ ቤት ይላካል ሲባልም፣ በአገራችን ደብዳቤ በአመዛኙ የሚደርሰው በፖስታ ሳጥን መሆኑ ከግምት አልገባም፡፡

ይህ የውጭ ኩባንያዎች ችግር ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፡፡ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፡፡ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ጸድቆ ፋይዳ ወደ ተግባር ገብቷል፡፡ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተጀምሯል፡፡ ቀድሞ ጉዳይ ለማስፈጸም ወረዳ ይመላለስ የነበረው ነዋሪ ዛሬ ማንነቱን የሚያረጋግጠው ወደ ስልኩ በሚላክ ኮድ እየሆነ ነው፡፡ ስልኩ የጠፋበት፣ ቁጥሩን የቀየረ ወይም ለሥራ ወደ ውጭ የሄደ ዜጋ እንደ ሽሮ ሜዳዋ ነጋዴ በር ላይ እንዳይቀር ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል፡፡ ነጋዴዋ የምታጣው ገበያዋን ነው፤ የመንግሥት አገልግሎት የተዘጋበት ዜጋ ግን የሚያጣው መብቱን ነው፡፡

ከዚህ አንጻር የሕግ መሠረቱ አለ፡፡ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በምክንያት የተደገፈ እንዲሆንና ቅሬታ የሚታይበት ሥርዓት እንዲኖር ይጠይቃል፡፡ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰዎች ስለራሳቸው የተያዘ መረጃ እንዲያውቁና ስህተት ሲኖር እንዲታረምላቸው የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፡፡ በአውሮፓ ኅብረትም ከ2018 እኤአ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመረጃ ጥበቃ ደንብ፣ በማሽን ብቻ የተሰጠ ከባድ ውሳኔ በሰው እንዲታይ የመጠየቅ መብትን አረጋግጧል፡፡ በመሆኑም ማሽን ውሳኔውን ሲሰጥ ኃላፊነቱ ከመሥሪያ ቤቱ ላይ የሚወርድበት ምክንያት የለም፡፡

በመሆኑም በኢንተርኔት አገልግሎት የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች ሊያሟሏቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ፡፡ አንደኛ፣ አገልግሎት ሲታገድ ምክንያቱ ደንበኛው በሚረዳው ቋንቋ ሊገለጽለት ይገባል፡፡ ሁለተኛ፣ ወደ አካውንት ሳይገባ አቤቱታ የሚቀርብበት ስልክ ወይም መስኮት መኖር አለበት፡፡ ሦስተኛ፣ የማንነት ማረጋገጫው በአንድ ስልክ ቁጥር ላይ ብቻ ሳይወሰን፣ በአካል ቀርቦ ወይም በውጭ ላሉት በኤምባሲ በኩል የሚፈጸም አማራጭ ሊኖረው ይገባል፡፡ አራተኛ፣ ማሽኑ የዘጋውን የመክፈት ሥልጣን ያለው ሠራተኛ መመደብና መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል፡፡ በአካል ቀርቦ ማረጋገጥም የራሱን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አለበለዚያ ለአጭበርባሪ በር ይከፍታልና፡፡

የአካውንት ባለቤቶችም በበኩላቸው አካውንታቸውን በራሳቸው ስልክ ቁጥር መክፈት፣ ቁጥር ከመቀየራቸው በፊት መረጃቸውን ማስተካከልና የመጠባበቂያ ኮዶችን በወረቀት ጽፈው ማስቀመጥ ይጠበቅባቸዋል፡፡

በቀድሞው አሠራር ባለጉዳይ በመስኮቱ ቢጉላላም ከመስኮቱ ጀርባ ሰው ነበር፤ ያ ሠራተኛ አላውቅህም ቢል እንኳ አለቃው ዘንድ መሄድ ይቻል ነበር፡፡ አዲሱ አሠራር ምልልሱንና ወረፋውን ማስቀረቱ የሚያስመሰግነው ነው፡፡ አቤቱታ ሰሚውን አብሮ ካስቀረ ግን የመልካም አስተዳደር ችግሩ ከመስኮቱ ወደ ስልኩ ተዛወረ እንጂ አልተፈታም፡፡