ሕመሙ የታማሚው ነው

ይድረስ ለመዝናኛ ዩቲዩብ ቻናሎች ባለቤቶችና ለኤፍ ኤም የመዝናኛ ዝግጅት አዘጋጆች፣

የምጽፍላችሁ ስለታመሙ ድምፃውያንና ተዋንያን ነው። አንድ አርቲስት ሆስፒታል ገባ ሲባል፣ ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ሳያይ የእናንተ ቪዲዮ ይለቀቃል። ከፎቶው ጎን ሻማ ይለጠፋል፤ ከላይ በቀይ «ሰበር ዜና» ይጻፋል፤ ርዕሱ ሞተ ሳይል ሞተ ያሰኛል። ተመልካቹ እስከ መጨረሻው ጠብቆ የሚሰማው «ፈጣሪ ይማረው» የሚል ብቻ ነው።

እስቲ የዚያን አርቲስት እናት አስቧት። በአገራችን መርዶ ወግ አለው። ዘመድና ጎረቤት ይመካከራል፤ ሽማግሌ ወይም የነፍስ አባት ይዞ ማልዶ ይሄዳል። ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ፣ ደም ግፊት ካለባትም እንዳትጎዳ ይጠነቀቃል። እናንተ ግን ልጇ በሕይወት እያለ በስልኳ ታረዷታላችሁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ትሉ ይሆናል። ተረቱ የሚመክረው ለሚያድን እንድንናገር እንጂ ለሚያወራ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26ም የግል ሕይወት የመከበር መብትን ለማንኛውም ሰው ሲሰጥ ዝነኛውን አላስቀረም። ዘፈኑን ስለወደድንለት የደም ምርመራው የእኛ አይሆንም።

ሕዝብ ሊያውቀው የሚገባ ሕመም መኖሩን አልክድም። በ2004 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለሳምንታት ከዕይታ ሲርቁ፣ አገሪቱን ማን እየመራት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነበር። በብራስልስ ማረፋቸው ነሐሴ 15 ቀን እስኪነገር ድረስ የመረጃውን ቦታ ወሬ ያዘው። ሥልጣን የያዘ ሰው ሥራውን መሥራት መቻል አለመቻሉ የሕዝብ ጉዳይ ነው። ድምፃዊ ሲታመም ግን ሰው አልባ የሚሆን የመንግሥት ወንበር የለም።

ቤተሰቡ ራሱ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አውጥቶ «ለሕክምናው እርዱን» ካለ፣ ያን ጊዜ ደጋግማችሁ ተናገሩ። የተመልካቻችሁ ብዛት ሰው የሚያድነው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ታማሚው ወይም ቤተሰቡ ሳይፈቅድ የበሽታውን ስም አትጥሩ። አልጋ ላይ እንደተኛ በድብቅ የተነሣ ፎቶ ቢላክላችሁ አታውጡ። ሞቱ እውነት ቢሆን እንኳ ቤተሰብ እስኪረዳ ጠብቁ። በሐሰት ሞተ ያላችሁት ሰው ካለ ደግሞ ቪዲዮውን ዛሬውኑ አንሡ፤ እሱንም ቤተሰቡንም በዚያው ቻናል ይቅርታ ጠይቁ።