በሕግ የሰፈረ መብት ጀውሃ ድረስ ይዝለቅ

እንደሚታወቀው፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ተደፍራ ያረገዘች ወይም ጽንሱ ሕይወቷን የሚያሰጋ ሴት በሕክምና ታቋርጥ ዘንድ ፈቅዷል። ለመደፈሯም ቃሏ ብቻ ይበቃል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን መብት ሽሯል፤ የእኛው አንቀጽ ግን ጸንቷል።

ይሁን እንጂ አንቀጽ በራሱ አዋላጅ አይሆንም። ከጀውሃ አውራ ጎዳና ርቃ በይፋት ቆላ ለምትኖር እናት ሕጉ የሚመዘነው በጤና ጣቢያው ቅርበት፣ በባለሙያውና በመድኃኒቱ መገኘት ነው። በሀገር አቀፍ ጥናት ከ100,000 ሕያው ልደት የእናቶች ሞት በ1992 ዓ.ም. 871፣ በ2008 ዓ.ም. 412 ነበር። ጥረት ፍሬ እንዳለው ይህ ይመሰክራል፤ 412 እናት ግን ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ እኛ የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች መጠየቅ የሚገባን፣ «ሕጉ አለን?» ብለን ሳይሆን «ለእናቲቱ ደርሶላታልን?» ብለን ነው።