የተቆለፈው ማዕከል ይከፈትልን ዘንድ የቀረበ አቤቱታ

ለወረዳችን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት
ደቡብ ወሎ

ጉዳዩ፦ የገጠር ወጣት ከያንያን ሥራቸውን በስማቸው የሚያስቀምጡበትና የሚያሰሙበት መንገድ እንዲመቻችላቸው ስለመጠየቅ

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ማመልከቻ ጋር የተያያዘው የቀበሌው ወጣቶች ማሲንቆና ዋሽንት የምንጫወት፣ መንዙማ የምንል፣ ሥዕል የምንሞክር፣ ሌማትና ሙዳይ የምንሰፋ ነን። አብዛኞቻችን አራሽና እረኛ ስንሆን ጥቂቶቻችን ገና ተማሪዎች ነን። ጽሕፈት ቤቱ ሥራ እንደሚበዛበት እያወቅን በጽሑፍ የመጣነው በቃል ተናግረን ሰሚ ስላጣን ነው።

በትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው የወጣቶች ማዕከል ለእኛ ተብሎ የተሠራ ነው። ኮምፒውተሮች ገብተውለታል፤ የኢንተርኔት መስመርም አለው። በሩ የሚከፈተው ግን ስብሰባ ሲኖር ወይም የሚጻፍ ደብዳቤ ሲገኝ ነው። ቁልፉ ያለው በአንድ ሰው ኪስ ነው፤ ሰውየው መስክ ሲወጣ ማዕከሉም አብሮት ይወጣል።

ይህ ያስከተለብንን በአንድ ጉዳይ እናስረዳ። ከመካከላችን አንዱ፣ ከብት እየጠበቀ ዋሽንት የሚነፋ ልጅ፣ ሠርግ ላይ ያሰማውን የራሱን ዜማ ከከተማ የመጣ እንግዳ በስልኩ ቀረጸው። ልጁም ደስ ብሎት ደግሞ ነፋለት። ከወራት በኋላ ገበያ ወርዶ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ዘፈን ሲያስጭን ያንኑ ዋሽንት ሰማ። ፋይሉ ላይ የተጻፈው «የወሎ ባህላዊ» የሚል ብቻ ነበር። «የእኔ እኮ ነው» ቢል ጫኚው ሳቀበት። ከፍሎ አስጫነው። እንግዳው በክፋት አደረገው አንልም፤ የተጫዋቹን ስም ልፈልግ ቢል እንኳ የሚያገኝበት ቦታ አልነበረም።

አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ምድር ነው። የአገራችን ስም በየመድረኩ ሲጠራ ደስ ይለናል፤ የተጫዋቹ ስም ግን ከአገሩ ስም ሥር መቀበር የለበትም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብት የሰጠው ለደራሲ ብቻ ሳይሆን ለከዋኝም ነው። ይሁንና ማን፣ መቼና የት እንደተጫወተው ያልተመዘገበ ዜማ ይዞ ማን ፊት ይቀርባል?

ስንጠይቅ የተሰጠን አንዱ መልስ በጀት የለም የሚል ነው። ገንዘብ አልጠየቅንም። ካሉት ኮምፒውተሮች አንዱ ሰርቨር ሆኖ ከዋይፋይ ማሰራጫ ጋር ቢያያዝ፣ ግቢው ውስጥ የቆመ ሰው ሁሉ ካርድ ሳይቆጥርበት የቀበሌውን ልጆች ሥራ በስልኩ ሊያዳምጥና ሊያይ ይችላል። ለዚህ የሚሆነው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም የግቢው ውስጥ ግንኙነት ይሠራል፤ መስመሩ ሲመለስ የመረጥነውን ከነባለቤቱ ስም ወደ ውጭ እንጭናለን። ሌማት የሚሰፉ እህቶቻችንም ከተማ ውረዱ ሳይባሉ ሥራቸውን ለገዢ ያሳያሉ።

ሌላው መልስ ኢንተርኔት ልጆችን ያባልጋል የሚል ነው። ሥጋቱ ከአባትነት መሆኑን እናከብራለን፤ ነገር ግን ስልኩ በየኪሳችን አለ። ማዕከሉ ቢዘጋ የሚቀርብን መጥፎው ሳይሆን የሚያስተምር ሰው ያለበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ማዕከሉ በቅዳሜ ገበያ ቀንና ከትምህርት ሰዓት በኋላ እንዲከፈት፤ ቁልፉን ሴቶች ያሉበት የወጣቶች ኮሚቴ ፈርሞ እንዲረከብ፤ የወረዳው የኮምፒውተር ባለሙያ ሰርቨሩን አቋቁሞ ከእኛው መካከል ሁለት ልጆች እንዲያሠለጥን እንጠይቃለን። ለሚጠፋ ንብረት በጋራ እንጠየቃለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 91 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን እንዲደግፍ ያዛል። የተቆለፈን በር መክፈት ከአቅም በላይ ነው ብለን አናምንም።

ውሳኔው ይሁንታም ሆነ እምቢታ በጽሑፍ ይሰጠን። መልስ ካጣን ጉዳዩን ለዞኑ ለማቅረብ የምንገደድ መሆኑን በትሕትና እናሳውቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የቀበሌው ወጣት ከያንያን

ግልባጭ፦
ለወረዳው ምክር ቤት
ለወረዳው ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት